የተረጐምናት አንዲት ቃል

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ሳይንስ ምን አገባቸው? ይኸን ጽሑፍ የሚያነብ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድማችን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይኸን እንደሚሆን እናውቃለን። ጥያቄውም ተገቢ ነው። ስለ አሲድና ስለ ሴል የምናውቀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ለፈተና ካጠናነው አይበልጥም፤ ከዚያም ውስጥ እኩሌታውን ረስተነዋል። ዳሩ ግን ሳይንስ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሰው ዘንድ የሚደርሰው በቃል ነው። ቃል ደግሞ የኛ ሥራ ነው። ሳይንሱ ምን ያህል ቀና ቢሆን፥ ቃሉ ከተጣመመ ሰሚው የሚቀበለው የተጣመመውን ነው። ይኸን ከመጽሐፍ አልተማርነውም፤ ያለፈው ዓመት ክረምት በገዛ አፋችን ባደረስነው ጥፋት ተማርነው እንጂ። ስለዚህ ብዕራችንን ያነሣነው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን የራሳችንን ለመናዘዝና ከዚያም ያገኘነውን ትምህርት ለጓደኞቻችን ለማካፈል ነው።

አገራችን ወለጋ ነው። ተወልደን ያደግነው ከነቀምቴ ብዙ በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ወለጋን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አፈሩን ያውቀዋል። ቀይ ነው። በክረምት ጭቃው እንደ ሊጥ ይይዛል፤ በበጋ አቧራው የቤቱን ግድግዳና የነጠላውን ጥለት ሁሉ ያቀላዋል። ልጆች ሳለን በባዶ እግራችን ስንሮጥ ውለን ማታ እናታችን እግራችንን ስታጥበን፥ ሳፋው ውስጥ የሚቀረው ውኃ ደም የነካው ይመስል ነበር። በዚያን ጊዜ ይኸ አፈር ቡናውንና በቆሎውን የሚያበቅልልን ባለውለታችን መሆኑን እንጂ ሌላ ነገር አናውቅበትም ነበር።

በዚያች ከተማ አንዲት አክስት አሉን። የአባታችን እኅት ስለሆኑ ባገራችን ልማድ «አዳዳ» እንላቸዋለን። አዳዳ ከጉልበታቸው በታች ሁለቱም እግራቸው ያበጠ ነው። በሽታውን በአማርኛ ዝሆኔ ይሉታል። ትዝ እስከሚለን ድረስ አዳዳ በለቅሶም ሆነ በሠርግ የሚቀመጡት በሩ አጠገብ ነው። ማንም እዚያ ተቀመጪ ብሏቸው አያውቅም፤ ቦታቸውን ራሳቸው ያውቁታል። ቡና በሚፈላበት ጊዜ እሳቸው የጠጡበት ስኒ ለብቻው ይታጠባል። ይኸን ሁሉ እያየን አደግን፤ ልጆች ስለነበርንም ነገሩ እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት ያለ የተፈጥሮ ሥርዓት ይመስለን ነበር።

ያለፈው ክረምት ለዕረፍት አገራችን እንደ ገባን ካንድ ተቋም ሁለት ተመራማሪዎች መጡ። የተቋሙን ስም አንጠራም፤ የኛ ጥፋት በሌላ ስም እንዲጻፍ አንፈልግምና። የመጡት ስለዚሁ ስለ እግር እብጠት ለሕዝቡ ለማስረዳትና ጥናት ለማድረግ ነው። አፋን ኦሮሞ ስለማይችሉ አስተርጓሚ ፈለጉ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርም «እኛ ዘንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ» ብለው እኛን ጠቆሙ። እኛም ደስ አለን። እውነቱን ለመናገር ከመደሰትም አልፈን ኮራን። የሠፈር ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ከሊቃውንት አጠገብ ቆሞ ማስተርጐም ላንድ ተማሪ ቀላል ክብር አይደለም።

ስብሰባው በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። አዳዳም መጥተው እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከጎናቸው ልጃቸው ነበረች። ይህች ልጅ በዚያ ሰሞን ታጭታ ሠርጓ ለጥር ተቀጥሮ ነበር። የእጮኛዋ አባትም ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል።

ከተመራማሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ መናገር ጀመረ። ሰውየው የተማረና ትሑት ነው። ንግግሩን የጀመረው ግን ልቡ ካለበት፥ ማለት ከገዛ ጥናቱ ነው። «ይኸ በሽታ የሚይዘው በጄኔቲክ ተጋላጭ የሆኑትን ሰዎች ነው» አለ፤ አለና እንድንተረጕም ወደኛ ዞር አለ።

እኛም ባንድ ትንፋሽ ተረጐምነው። «ጄኔቲክ» ለሚለው ቃል የመጣልን «ሰኚ» የሚለው ነው። ሰኚ በአፋን ኦሮሞ ዘር ማለት ነው፤ የሚዘራው እህል ሰኚ ነው፥ የሰውም ትውልድ ሰኚ ነው። «ተጋላጭ» ለሚለው ግን ምንም ቃል ስላልመጣልን ዘለልነው። አንዲቷን ቃል ያለ ቦታዋ አግብተን ሁለተኛይቱን ስለዘለልን፥ የሊቁ ንግግር በኛ አፍ «ይኸ በሽታ በዘር ነው» ሆኖ ወጣ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኛም ጸጥታው ነገሩ ለሰው ሲገባው የሚሆነው ጸጥታ መስሎን ቀጠልን። ከዚያ በኋላ ስለ አፈሩ፥ ስለ ጫማው፥ ስለ መታጠቡ ብዙ ተነገረ፤ ይኸንንም ሁሉ በጥንቃቄ አስተረጐምን። ዳሩ ግን የሰማን አልነበረም። ሰው ሁሉ የያዘው የመጀመሪያዋን ቃል ነው። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይባል የለ?

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች አዳዳ ቤት መጡ። የመጡት የሠርጉን ነገር ለመተው ነበር። በክፉ አልተናገሩም፤ በጨዋ ደንብ ተቀምጠው፥ ቡናውን ጠጥተው፥ «የተማሩት ሰዎች በዘር ነው አሉ፤ እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ?» አሉ። ቀድሞ በሽታውን እባብ ከመርገጥ የሚያመጡት ነበሩ፤ መድኃኒት ተቀብሮባት ረግጣ ነው የሚሉም ነበሩ፤ በዘር ነው ብለው በስውር የሚያሙም አልጠፉም። እኛ ከነዚህ ሁሉ መካከል የመጨረሻዋን ሐሜት መርጠን በሊቅ ስም ማኅተም መታንባት።

አዳዳ ከዚያ ሁሉ በኋላ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፥ እንደዚያ ያልኸው አንተ ነህ ወይስ እሱ ነው?» አሉን። የምንመልሰው ጠፋን። እስከ ዛሬም ሙሉ መልስ አላገኘንለትም።

ወደ ትምህርታችን ስንመለስ ልብ ወለዱንና ግጥሙን ወደ ጎን አድርገን ስለዚህ በሽታ የተጻፈውን ማንበብ ያዝን። ያነበብነውንም ለአንባቢ ባጭሩ እንገልጣለን።

የበሽታው የሳይንስ ስም ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ስሙን ያወጡለት በኢትዮጵያ የሠሩ ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ናቸው። ስሙ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። ነገሩም እንደ ስሙ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ የመጣ ቀይ የሸክላ አፈር ባለበት፥ ደጋማና ዝናም የሚበዛበት አገር፥ ሰው ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ በሚሄድበት ጊዜ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በእግሩ ቆዳ ይገባል። ብናኙም የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣቸዋል፤ ቀስ በቀስም ይዘጋቸዋል፤ ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። ሲጀምር ማሳከክና ማቃጠል ነው፤ እብጠቱ እየመጣ የሚመለስበት ጊዜም አለ። ሳይታከም ሲቆይ ግን ቆዳው ይደድራል፤ በየጊዜውም ከትኩሳት ጋር የሚነሣ ብርቱ ሕመም ያስከትላል። እንደ ሌላው ዓይነት ዝሆኔ ትል የለበትም፤ የወባ ትንኝ ዓይነት ተናካሽም አያመጣውም። ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍም ያ ለብቻው ይታጠብ የነበረው የአዳዳ ስኒ ያለ ጥፋቱ ተቀጥቷል።

ነገሩ ያንዲት ከተማ ነገር እንዳይመስል አንድ ሁለት ቍጥር እንጨምር። ከጊምቢ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በጉሊሶ ወረዳ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። በዚያ ጥናት ከመቶ ሰው 2.8 ያህሉ በሽታው ተገኝቶበታል፤ ይኸውም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በርክቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ደግሞ በመላው ኢትዮጵያ የሕሙማኑ ቍጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል። በወላይታ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. የወጣው ጥናት በበኩሉ አንድ ሕመምተኛ ከሚሠራበት ጊዜ 45 ከመቶ ያህሉን በበሽታው ምክንያት እንደሚያጣ አሳይቷል። እንግዲህ ይኸ በሽታ የሚበላው እግርን ብቻ አይደለም፤ እርሻውንና ጎተራውንም ነው።

ታዲያ «በዘር ነው» የሚለው ሐሰት ነበርን? የኛን ጥፋት ውስብስብ የሚያደርገው ይኸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ፋሲል ተኮላ አየለ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከጓደኞቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፥ አንዳንድ ሰው ከወላጆቹ በወረሰው ባሕርይ ምክንያት ከሌላው ይልቅ በዚህ በሽታ ለመያዝ የቀረበ እንደሆነ አሳይተዋል። ባንድ ቤት ሁሉም በባዶ እግሩ እየሄደ አንዱ ታሞ ሌላው የሚድንበት አንዱ ምክንያት ይኸ ነው። ዳሩ ግን እግሩን ከአፈሩ የጠበቀ ሰው ያን ባሕርይ ቢወርስም በዚህ በሽታ አይያዝም። ስለዚህ ሊቁ የተናገረው እውነት ነው። እኛ ግን ከእውነቱ ላይ ሰው ሊያደርገው የሚችለውን ክፍል ቈርጠን ጥለን፥ ሊያደርገው የማይችለውን ብቻ አቀበልን። ዘሩን መለወጥ የሚችል ማን አለ? ጫማ ማድረግ ግን ይቻላል።

ይኸን አደጋ ከኛ በፊት ያዩት አሉ። እነዚሁ የዘር ውርሱን የመረመሩት ሰዎች በወላይታ ጥናቱን ሲያደርጉ፥ ሕሙማኑ ይበልጥ እንዳይገለሉ በመስጋት አስቀድመው ሕዝቡን አነጋግረዋል፤ መገለሉ ሕሙማኑ ለጥናቱ በሚሰጡት ፈቃድ ላይ ስላለው ጫናም እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ጽሑፍ አውጥተዋል። ይኸን ጽሑፍ ባነበብን ጊዜ የተሰማን እፍረት ነው። ትምህርቱ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ የተቀመጠውም አዳዳ ቀርቶ እኛም ሳንፈልግ በማናገኘው ስፍራ ነው። የጉሊሶውም ጥናት እንዲሁ ነው። ስለ እግራቸው የተጻፈውን የጉሊሶ እናቶች እንዴት አድርገው ያንብቡት?

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ እንለፍ። ለገና አገራችን በገባን ጊዜ የሠፈራችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኝተን ያነበብነውን ነገርናት፤ ጥፋታችንንም አልሸሸግናትም። እሷም አልተቈጣችንም። «ከስብሰባ ይልቅ ቤት ይሻላል» አለችን። በማግሥቱ ሳፋ፥ ሳሙናና ቫዝሊን ይዛ አዳዳ ቤት መጣች። ለቡና የተሰበሰቡ አምስት ስድስት የጎረቤት ሴቶች ነበሩ።

መጀመሪያ የሠራችው ነገር እኛና ሊቁ ፈጽሞ ያላሰብነው ነው፤ ጠየቀች። «አዳዳ፥ ይኸ ነገር ከምን የመጣ ይመስልዎታል?» አለች። አዳዳም ስለ እባቡ ነገሯት። ሌላይቱ ስለ ተቀበረው መድኃኒት ተናገረች። ልጅቱ አልሳቀችም፤ «ሞኝነት ነው» አላለችም። እስኪጨርሱ ሰማች። ከዚያ «እባቡንም መድኃኒቱንም ሰው የሚረግጠው በባዶ እግሩ ነው አይደል? እንግዲህ ክፉው ነገር ከመሬት ወደ እግር ይገባል ያላችሁት ትክክል ነው» አለች። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሕዝቡ ለብዙ ዘመን ሲናገር ከኖረው ውስጥ የእውነቱን ጫፍ አግኝታ ከዚያ ጀመረች።

ቀጥላ የአዳዳን እግር በሳሙና አጠበች። በሳፋው ውስጥ የቀረውን ቀይ ውኃ አሳየቻቸው፤ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ነጭ ጨርቅም ነከረችበትና ሰጠቻቸው። «እስቲ እጠቡት» አለች። አንዷ ሦስት ጊዜ በሳሙና አሸችው፤ ቅላቱ ግን ከክሩ አልወጣም። «ቢዬ ዲማ ጨርቅ ውስጥ እንደዚህ ከገባ፥ አርባ ዓመት በሄደ እግር ውስጥ እንዴት አይገባም?» አለች። ቢዬ ዲማ ቀይ አፈር ማለት ነው። ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ረጅም የግሪክ ስም የሚለውን ሁሉ እሷ በሁለት ያገር ቃላትና ባንዲት ጨርቅ ጨረሰችው።

ከዚያ የፈራነው ጥያቄ መጣ። አንዲት አሮጊት «ታዲያ የተማሩት ሰዎች ሰኚ ነው ያሉትሳ?» አሉ። እኛ መሬት መሬት አየን። ልጅቱ ግን እንዲህ ስትል መለሰች፤ «ቤትዎ ቀፎ አለ። ንብ ሲነድፋችሁ አንዱ ልጅዎ ፊቱ ሁሉ ያብጣል፥ ሌላው ምንም አይለው። የሚያብጠው ልጅ ሰውነቱ እንደዚያ ሆኖ ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን ንቡ ካልነደፈው ያብጣል?» አሮጊቷም «ምን ሲደረግ!» አሉ። «እንግዲህ ሰኚ ያሉት እሱን ነው። ንቡ አፈሩ ነው፤ ጫማ ያደረገ አይነደፍም» አለች።

ወንድሞቻችን ሆይ፥ እኛ በዚያች ሰዓት አራት ዓመት የምንማረውን የንግግር ጥበብ ከቡና ረከቦት አጠገብ ተማርነው። አንዳንድ ሰዎች ሳይንስን ለሕዝብ ቀላል አድርጎ መናገር እውነቱን ማሳነስ ነው ይላሉ። ስለ ንቡ የተነገረው ምሳሌ ግን ከእውነቱ ምን ጎደለው? የውርሱ ነገር አለበት፥ የአፈሩ ነገር አለበት፥ የመከላከያውም ነገር አለበት። እውነቱን ያሳነስነው በትልልቁ ቃል የተናገርነው እኛ ነን።

ልጅቱ የሠራችው ሥራ ባገራችን ሊቃውንት ዘንድ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በጥናት አረጋገጡ፤ ለዚህም ሥራቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ግኝቱ የተጀመረው ከልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ሳፋ ነው። ከሕዝብ ለመማር ዓይኑን የከፈተ ሊቅ ለሕዝብ ለመናገርም ቃል አያጣም።

በተቃራኒው ደግሞ እውነት ይዞ የሚያደምጠው ያጣ አለ። በቪየና ከተማ ሐኪም የነበረው ኢግናዝ ዜመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 ዓ.ም. ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ ታጥበው እናቶችን ቢያዋልዱ የወላዶች ሞት እጅግ እንደሚቀንስ በሥራ አሳየ። ይሁን እንጂ መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. ነው፤ በጽሑፉም ያልተቀበሉትን ሐኪሞች ክፉኛ ይወቅሳቸው ነበር። የሥራ ጓደኞቹም ትዕቢተኞች ነበሩና አብዛኞቹ ሳይቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1865 ዓ.ም. ሞተ። እጅ ታጠቡ የሚል ቀላል ነገር እንኳ አነጋገሩ ካልተገኘለት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ቃል ማጣት ለኛ ለወለጋ ልጆች ሰበብ ሊሆነንም አይገባም። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በልጅነታቸው ከባርነት ነጻ የወጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1899 ዓ.ም. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያዘጋጁ በዚያ ቋንቋ ከዚያ በፊት በጽሑፍ የወጣው እጅግ ጥቂት ነበር። አስቴር ተረቱን፥ እንቆቅልሹንና ዘፈኑን ሰበሰበች፤ ከሰበሰበችውም እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. የማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። ኋላም ኦኔሲሞስ ነቀምቴ መጥተው አስተማሩ፤ ያረፉትም በዚያው በነቀምቴ እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም. ነው። ከነሱ የምንማረው ሥራው ቅደም ተከተል እንዳለው ነው፤ ሕዝቡ እንዴት እንደሚናገር ማዳመጥ ይቀድማል፥ መተርጐም ይከተላል። እኛ «ተጋላጭ» ለሚለው ቃል በአንድ ትንፋሽ ውስጥ መልስ ስናጣ ዘለልነው፤ እነሱ ግን ስላንዲት ቃል ቁጭ ብለው ይመክሩ ነበር።

እንግዲህ ጽሑፋችን እንዲያው ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ለጓደኞቻችን አራት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ሊቁ ከመናገሩ በፊት ይጠይቅ። ሰሚው ስለ ነገሩ ምን እንደሚያስብ ሳያውቅ የሚናገር ሰው፥ የታመመውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደሚያዝዝ ሐኪም ነው።

ሁለተኛ፤ ንግግሩን ሰሚው ሊሠራው ከሚችለው ነገር ይጀምር። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እግርን በየዕለቱ በሳሙና ማጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ ያን ከትኩሳት ጋር የሚነሣውን ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ያዳራሹ ስብሰባ ከዚህ ቢጀመር ኖሮ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ሳሙና ይሆን ነበር። ለሊቁ መጀመሪያ የሚታየው ምክንያቱ ነው፤ ለታመመው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው መፍትሔው ነው።

ሦስተኛ፤ ከተናገረ በኋላ ሰሚው መልሶ እንዲነግረው ይለምን። ያን ዕለት አንድ ሽማግሌ አስነሥተን «እስቲ የሰሙትን ይንገሩን» ብንል ኖሮ፥ ስሕተታችን እዚያው አዳራሹ ውስጥ በታረመ ነበር። የጠየቅነው «ገብቷችኋል?» ብለን ነው። ገብቷችኋል ተብሎ የተጠየቀ ጨዋ ሰው ከ«አዎን» በቀር ምን ይመልሳል?

አራተኛ፤ ከሕዝብ የተወሰደ ጥናት ወደ ሕዝብ ይመለስ። በየዓመቱ ስንቱ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ መጠይቅ ይዞ ወደየቀበሌው ይወጣል? ከነዚህስ ውስጥ ያገኘውን ተመልሶ የተናገረ ስንቱ ነው? የሳይንስ ተማሪውና የቋንቋ ተማሪው ሁለት ሁለት ሆነው፥ ከያንዳንዱ ጥናት አንዳንድ ገጽ ጥናቱ በተደረገበት ሕዝብ ቋንቋ ይጻፉ፤ ሄደውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡ። ይኸ ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው መጽሔታችንም በየእትሙ ላንዲት እንደዚህ ያለች ገጽ ቦታ ቢሰጥ መልካም ነው እንላለን። እኛ በበኩላችን ስለ ቢዬ ዲማ የሚናገረውን የመጀመሪያውን ገጽ ጽፈን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰጥተናታል፤ እሷም ሦስት ቃል ሰርዛ በሌላ ለውጣብናለች። ሦስቱም ላይ ትክክለኛዋ እሷ ናት።

አዳዳ አሁን በየማታው እግራቸውን ይታጠባሉ። እብጠቱ ፈጽሞ ባይጠፋም ቀንሷል፤ ቆዳቸውም ለስልሷል። ከሱቅ የሚገዛው ጫማ ስላልበቃቸው ነቀምቴ ድረስ ወስደናቸው አንድ ጫማ ሰፊ ለክቶ ሠራላቸው። ያን ጫማ አድርገው ላንድ ሰው ለቅሶ በሄዱ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ተነሥተው እመሃል ገብተው እንደ ተቀመጡ ሰምተናል።

ጥር ግን አለፈ፤ ሠርጉም አልሆነም። የልጁ አባት አንድ ቀን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘንድ ሄደው ስለ ንቡ የተናገረችውን እንድትደግምላቸው ጠይቀዋት ነበር። ሰምተው ሲያበቁ «ይኸን ያን ቀን ያልነገሩን ለምን ነው?» አሏት። እስካሁን ግን ሽማግሌ አልላኩም። ይላኩ አይላኩ አናውቅም። የምናውቀው፥ ላሳቸውም ጥያቄ ለአዳዳም ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሊቁ ብቻ ሳይሆን ከአጠገቡ ቆመን የነበርነው እኛም መሆናችንን ነው።